ቀለሙን ያልነካው አናጢ

አባቴ አናጢ ስለነበር የእንጨት ሥራ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። ጣሊያናዊው አናጢ ፍራንቼስኮ ቱቺዮ ከስደተኞች ጀልባ ስብርባሪ የሠራውን መስቀል በፎቶግራፍ ስመለከትም ከዚያው ጀመርኩ። ሁለቱ ጣውላዎች በግማሽ ውፍረታቸው ተቆርጠው አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቷል፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ጎኑና ጀርባው በመላጊያ ተልጎ የእንጨቱ መልክ ወጥቷል። ፊቱ ግን እንዳለ ነው። የተፋቀ ሰማያዊ ቀለም አለበት፣ ከሥሩም ሌላ ቀለም ብቅ ይላል፤ ጀልባ በየጊዜው ይቀባላ።

አባቴ ቢሆን ያንን ቀለም ጠራርጎ ያነሳው ነበር። ቱቺዮ ተወው። የሥራው ጥበብ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀለሙ ቢነሳ ተራ ጣውላ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ሰው የተሳፈረበት ጀልባ ነው።

ቱቺዮ የሚኖረው በላምፔዱዛ ነው። ደሴቷ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዝያ ትቀርባለች፤ ስፋቷም 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስደተኛ ጭነው ከሰሜን አፍሪካ የሚነሱ ያረጁ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ስብርባሪ እዚያ ይቀራል። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሊቢያዋ ምስራታ የተነሳ ጀልባ ደሴቷ አጠገብ ሞተሩ ቆመ። ለምልክት ብለው ብርድ ልብስ ሲለኩሱ እሳቱ ተዛመተ፤ ሰዉ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ጀልባው ተገለበጠ። 368 ሰዎች ሞቱ፣ 155 ተረፉ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በዚያው የሱዳንና የሊቢያ መንገድ የእኛም ልጆች ይሄዳሉ፤ ይህን ቁጥር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ማንበብ አልችልም።

ቱቺዮ ከባሕር የተረፉ ኤርትራውያን ክርስቲያኖችን ያገኘው በሳን ጄርላንዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመኖሪያ ወረቀት ሊያወጣላቸው አይችልም። የሚችለው እንጨት መሥራት ነውና ከስብርባሪው መስቀል ሠራላቸው። ማተብ ላሰረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከመስከረሙ አደጋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. የካቶሊካውያኑ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደሴቷን ሲጎበኙ የያዙት በትርና የቀደሱበት ጽዋም ከስደተኞች ጀልባ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። መሠዊያቸውም ትንሽ ጀልባ ነበር።

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በ2008 ዓ.ም. ከቱቺዮ መስቀሎች አንዱን ወደ ስብስቡ አስገባ፤ ዳይሬክተሩ ኒል ማክግሪጎር ሥራቸውን ከመልቀቃቸው በፊት ያስገቡት የመጨረሻው ዕቃ ነው። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶቻችን ሳይመለሱ የተቀመጡት በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ይህን መስቀል ግን ማንም አልወሰደውም፤ አናጢው ራሱ ሠርቶ በስጦታ ሰጠ፣ ጀርባው ላይም ስሙንና የደሴቷን ስም ጻፈበት።