ሕዝቡ መረጠ፤ ሕጉ ከለከለ

ዛሬ ስለ አንድ የምርጫ ወረዳ እንነጋገራለን።

የምርጫ ወረዳ ማለት ምን ማለት ነው? አገር ለምርጫ ሲባል ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል የምርጫ ወረዳ ይባላል። ባለ አንድ መቀመጫ ወረዳ ወደ ፓርላማ የሚልከው አንድ እንደራሴ ብቻ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ይገባል፤ ሌላው ይቀራል።

በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል የምትባል ከተማ አለች። ከወረዳዎቿ አንዱ ደቡብ ምሥራቅ ብሪስቶል ይባል ነበር። ታሪኩን ልብ በሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1950 የወረዳው እንደራሴ ስታፎርድ ክሪፕስ ታመሙና ሥራቸውን ለቀቁ። በምትካቸው ቶኒ ቤን የሚባሉ የ25 ዓመት ወጣት ተመረጡ። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ደጋግሞ መረጣቸው።

በ1960 የቤን አባት ሞቱ። አባትየው የመኳንንት ማዕረግ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ሕግ ማዕረጉ ወዲያው ወደ ልጅየው ተላለፈ። ባለማዕረግ ደግሞ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። ቤን ማዕረጉን አልፈልግም ቢሉም ሕጉ አልፈቀደላቸውም። ወንበራቸውን አጡ።

በ1961 የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ቤን እንደገና ተወዳደሩ። ሕዝቡ ምን አደረገ? 23,275 ድምፅ ሰጣቸው። ተወዳዳሪያቸው ማልኮም ሴንት ክሌር ያገኙት 10,231 ነው። ዳኞች ግን መቀመጫውን ለተሸነፉት ሰጡ። መራጩ ቤን መግባት እንደማይችሉ እያወቀ ስለመረጣቸው፣ ድምፁ አይቆጠርም አሉ።

እስቲ አስቡት! 10 ሺህ ሰው የመረጣቸው ገቡ፤ 23 ሺህ ሰው የመረጣቸው በር ላይ ቀሩ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በሐምሌ 1963 ፓርላማው ሕጉን አሻሻለ። ማዕረግን መተው ተፈቀደ። ቤን በዚያው ቀን ማዕረጋቸውን ተዉ። ሴንት ክሌርም ቃላቸውን አክብረው መቀመጫውን ለቀቁ። በነሐሴ ምርጫ ተደረገና ቤን ተመለሱ። በ1983 የወረዳዎች ወሰን እንደገና ሲከለል ይህ ወረዳ እስኪቀር ድረስ እንደራሴው እሳቸው ነበሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የሕጉ ጉድለት ቁልጭ ብሎ የታየው መራጩ ወጥቶ ድምፁን ስለሰጠ ነው። ድምፁ ለጊዜው ቢጣልም ከንቱ አልቀረም።

አሁን እርሳስ አንሡ። ከ23,275 ላይ 10,231 ቀንሱ። 13,044 ከመጣላችሁ ልክ ናችሁ። ደኅና ሁኑ።