የአዋሽ ዝንጀሮዎችና የዝርያ ድንበር

(ድምፅ፦ የአዋሽ ፏፏቴ፤ ትረካው ሲጀምር ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች በአንድ ወንዝ ዳር ይገናኛሉ። ከፏፏቴው በላይ ጠጉሩ ወይራማ፣ ፊቱ ጥቁር የሆነው አኑቢስ ሲኖር፣ ከፏፏቴው በታች ደግሞ ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለውና ፊቱ የቀላ ሃማድሪያስ ይገኛል፤ በመካከል ያሉት መንጋዎች ግን የሁለቱን መልክ አጣምረው የያዙ ድቅሎች፣ ማለትም ከተለያዩ ዝርያዎች የተወለዱ እንስሳት ይገኙባቸዋል።

ድቅል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቅሎን ነው። የዘር ውርስን የሚሸከሙት ክሮሞሶሞች በፈረስ 64፣ በአህያ 62 ስለሆኑ፣ 63 ይዛ የምትወለደው በቅሎ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አትወልድም፤ የወላጆቿም ውርስ በእሷ ያበቃል። ሁለቱ ዝንጀሮዎች ግን እኩል 42 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ድቅሎቻቸውም ስለሚወልዱ፣ የአንዱ ዝርያ ዘረመል በትውልድ ቅብብል ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የዘረመል ፍሰት የሚባለው ይህ ነው።

(ድምፅ፦ የዝንጀሮ መንጋ ጩኸት)

ተራኪ፦ ተፈጥሮ ያልከለከለውን መቀላቀል ጠባይ ይገድበዋል። የሃማድሪያስ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ለብቻው ይዞ፣ ወደ ኋላ የቀረችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል፤ የአኑቢስ ሴት ግን በተወለደችበት መንጋ ከብዙ ወንዶች ጋር ስትኖር፣ መንጋ የሚቀይረው ወንዱ ነው። ይህ ጠባይ ግን ሊለወጥ ይችላል፤ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ኩመርና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ባካሄዱት ሙከራ፣ ሃማድሪያሶች መካከል የተለቀቁ የአኑቢስ ሴቶች ወንዱን መከተል ፈጥነው ሲማሩ፣ አኑቢሶች መካከል የገቡት የሃማድሪያስ ሴቶች ደግሞ መከተሉን ተዉት።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይ በአዋሽ ዝንጀሮዎቹን ለጊዜው እየያዙ፣ ደማቸውን እየቀዱና መልሰው እየለቀቁ፣ መልክን ከውርስ ጋር አመሳክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ፓፒዮ በሚባለው ወገን የሚመደቡትን ስድስቱንም ዝርያዎች ያካተተ የጂኖም፣ ማለትም የሙሉ ውርስ መረጃ ጥናት፣ በዝርያዎቹ መካከል ጥንታዊ መዳቀል እንደነበረ አሳይቷል። ይህም ዝርያዎች ዘረመል እየተለዋወጡም ቢሆን ልዩነታቸውን ጠብቀው ረጅም ዘመን ሊቆዩ እንደሚችሉ ያስረዳል፤ ስለሆነም በአዋሽ ዳር ጥበቃ የሚያሻቸው ንጹሕ የሚባሉት መንጋዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ አዝጋሚው ለውጥ በዓይን የሚታይባቸው ድቅሎችና የሚገናኙበት ምድርም ጭምር ናቸው።