የጋዝ ምድጃ በርነር ሲጠቁርና ሲወይብ

አዲስ የተገዛ የጋዝ ምድጃ ከሱቅ የወጣበትን መልክ ይዞ ብዙ አይቆይም። ብር የመሰለው የበርነር ቀለበት በጥቂት ቀን ወርቃማ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ባለቤቶቹ ግማሹ ዕቃው ጥራት የለውም ብለው ያዝናሉ፤ ግማሹ ሽቦና በረኪና ይዘው ሲፈትጉ ይውላሉ። ሁለቱም በከንቱ ነው። በርነር ላይ የሚወጣ ቀለም አንዱ የብረቱ ጠባይ ብቻ ነው፤ ሌላው ግን ጋዙ በደንብ እየነደደ እንዳልሆነ የሚናገር ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ለምድጃው ውበት ሳይሆን በቤቱ ለሚተነፍሱት ሰዎች ሲባል ነው።

ብረት ሲግል ገጹ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐድና እጅግ ስስ ሽፋን ያበጃል። ብርሃን ከሽፋኑ ላይና ሥር ተንጸባርቆ ሲገናኝ ለዓይን ቀለም ሆኖ ይታያል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድም ቀለሙ ይለወጣል። ተራ ብረት 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ መልክ ይይዛል፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። አይዝጌ ብረት ለዚያው ቀለም ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ቢላ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው የብረቱን ሙቀት የሚያውቁት በዚህ ቀለም ነበር። የበርነሩ የናስ ቆብም በሙቀት ብዛት ወደ ቡኒና ጥቁር ይለወጣል። ይህ ሁሉ ጉዳት የለውም። ቀለሙ ከበርነሩ አልፎ የምድጃው ወለል ላይ ከታየ ግን ድስቱ ለዚያ በርነር ሰፍቶበታል ማለት ነው፤ ለድግስ የተጣደ ሰፊ ድስት ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሰዋል።

ጥላሸት ሌላ ነገር ነው። ምድጃው ከበረደ በኋላ ቆቡን በጣት ማሸት ይበቃል። የሙቀት ቀለም አይለቅም፤ ጥላሸት ግን ጣትን ያጠቁራል። የድስቱ ቂጥም አብሮ ከጠቆረ ነገሩ ተረጋግጧል፤ ከዚያ በኋላ መታየት ያለበት እሳቱ ነው።

የዛሬው በርነር የሚሠራበት ዘዴ በ1855 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሃይደልበርግ ሮበርት ቡንሰንና መካኒኩ ፔተር ዴሳጋ ካሳዩት ጋር አንድ ነው፤ ጋዙ ከመንደዱ በፊት ከአየር ጋር ይደባለቃል። ከኖዝሏ ጠባብ ቀዳዳ ተወርውሮ የሚወጣው ጋዝ በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ወደ በርነሩ ይገባል። አንድ ሊትር ፕሮፔን ጨርሶ እንዲነድ 24 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቡቴን ደግሞ 31 ገደማ። አየሩ ከበቃ እሳቱ ሰማያዊ፣ አጭርና ጸጥ ያለ ይሆናል። አየር ሲጎድል ያልተቃጠለ ካርቦን በነበልባሉ ውስጥ ይግላል፤ ያ ቢጫ ብርሃን የጋለ ጥላሸት ነው፤ ድስቱ ላይ ሲያርፍ ያጠቁረዋል። አብሮትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊወጣ ይችላል።

አየሩን የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ሽሮ ገንፍሎ ቀዳዳዎቹ ላይ ይደርቃል። ቆቡ ከታጠበ በኋላ ሳይገጥም ይቀመጣል፤ ያኔ እሳቱ በአንድ ወገን ይረዝማል፣ በሌላው ይጠፋል፣ አልፎ አልፎም ወደ ውስጥ ገብቶ "ጷ" ይላል። ብዙ ወር ሳይነካ በቆየ ምድጃ ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ድሯን ልታደራ ትችላለች። እሳቱ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በስንጥርና በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል። ኖዝሏን ግን በመርፌ መነካካት ክልክል ሊሆን ይገባል፤ የቀዳዳዋ ዲያሜትር በ10 ከመቶ ቢጨምር የምታሳልፈው ጋዝ በ21 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ እሳቱም ከፊተኛው የባሰ ቢጫ ይሆናል።

ከአሜሪካ ተጭኖ አገር ቤት የገባ ምድጃ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ ያሉ ምድጃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው የተዘጋጁት በከተማ ቱቦ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፕሮፔን በእኩል መጠን ሲለካ ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ኖዝሎቹ በጠባብ ሳይቀየሩ ምድጃው ከሲሊንደር ጋር ቢገናኝ እሳቱ እስከ ድስቱ ጆሮ ይንቀለቀላል። ብዙዎቹ ምድጃዎች መቀየሪያ ኖዝሎቻቸውን በትንሽ ከረጢት ይዘው ነው የሚመጡት፤ ካርቶኑ ከመጣሉ በፊት መፈለግ ነው።

የከፍታ ነገር ደግሞ ጎልቶ ሊነገር የሚገባው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ ይህ በደንብ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የጋዝ ተከላ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስሌት በየ1,000 ጫማ ከፍታ የጋዙን መጠን በ4 ከመቶ ይቀንሳል። ይህም ለዴንቨር 20 ከመቶ ያልፋል፤ በዚሁ ስሌት አዲስ አበባ 30 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። በርነሩ ንጹሕ፣ ቆቡ የገጠመ ሆኖ ሳለ ቢጫው አልጠፋ ካለ፣ ባለሙያው ስለ ኖዝል መጠንና ስለ ሬጉሌተር ግፊት ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ቢጫ ሁሉ ግን አያስደነግጥም። የጨው ብናኝ እሳት ሲነካ ብርቱካናማ ብልጭታ ይሰጣል፤ ጥላሸትም አይተውም። ሲሊንደር ሊያልቅ ሲልም እሳቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚተን መጨረሻ ላይ የሚቀረው አብዛኛው ቡቴን ነው።

በአስተጣጠቡ በኩል፣ የአሉሚኒየም በርነር በረኪናና ኃይለኛ የቅባት ማስለቀቂያ አይወድም፤ ይነጣል፣ ገጹም እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቁታል። ቀዳዳው ውስጥ ውሃ እንዳለ ከተለኮሰ እሳቱ ስለሚንተባተብ በደንብ መድረቅ አለበት።

የኦቨኑ በርነር ከወለሉ ሥር ስለሚደበቅ ሲጠቁር የሚያየው የለም። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ፎይል ሲነጠፍበት የአየር ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አምራቾች ይህን አጥብቀው ይከለክላሉ። በበሩ ዙሪያ ጥቁር መስመር ከታየ፣ ወይም ኦቨኑ ሲለኮስ ራስ ምታት የሚመጣ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ለጋዝ የሚጨመረው ሽታ ፍሳሽን ያሳውቃል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መኖሩን የሚያውቀው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው፤ እሱም ከምድጃው 5 ሜትር ያህል ራቅ፣ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ቀረብ ብሎ ይሰቀላል።