ለወጣት አጋዘን አዳኝ የሚሰጥ ምክር

በአገራችን የጥንት ልማድ አዳኝ የሚከበረው በጣለው ግዳይ ነበር፤ ግዳይ ጥሎ የገባ ይፎክራል፤ ይሸለማልም። ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩባቸው በቨርጂንያና በሚኒሶታ ጠብመንጃ ይዞ ወደ ጫካ የሚወጣ ወጣት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ሳይተኩስ መተውን ነው።

በዚያ አገር የሚታደነው ባለ ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን ነው። የእኛ የደጋ አጋዘን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሲኖር፣ የዚህኛው ወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1900 ዓመት ገደማ ያለ ልክ በመታደኑ በመላው አሜሪካ የቀረው ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል። የአደን ወራትና ፈቃድ በሕግ ከተወሰነ፣ በ1937ም ከጠብመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ከተደነገገ በኋላ ግን ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። ስለዚህ ወጣቱ ከጠብመንጃው በፊት የአዳኝነት ትምህርትና ፈቃድ ማግኘት ይገባዋል።

አጋዘን ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል። አዳኙም ነፋሱ ከአውሬው ወደ እርሱ የሚነፍስበትን ቦታ መምረጥ አለበት፤ ይህንንም ለማወቅ ጥቂት ዱቄት በጣት መበተን ይበቃል። አውሬው ይልቁንም በንጋትና በማምሻ ስለሚንቀሳቀስ፣ ጎሕ ሳይቀድ ቦታ ይዞ በዝምታ መቀመጥ ያሻል። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን በቀበቶ ይሰር፤ ጠብመንጃውንም ጥይት ሳያጎርስ በገመድ ይሳብ።

አጋዘኑ በታየ ጊዜ ልብ ይመታል፤ እጅም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ መቸኮል አይገባም። አውሬው ጎኑን እስኪሰጥ ጠብቆ ከፊት እግሩ ትከሻ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ልብና ሳንባ ወዳሉበት ማነጣጠር ነው። የሚሮጠውን፣ በቅጠል የተሸፈነውን፣ በኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከኋላው ሰማይ ብቻ የሚታየውን መተው ይገባል፤ ከአፈሙዝ የወጣች ጥይት ከኮረብታው ማዶ ማንን እንደምታገኝ አይታወቅምና። በጠብመንጃ አደን ወራት እንደ ብርቱካን የደመቀ ሰደርያ እንዲለበስ የሚታዘዘውም አዳኝ አዳኝን እንዳይመታ ነው።

ከተተኮሰ በኋላ ወዲያው ተከትሎ መሮጥ ትልቅ ስሕተት ነው። አውሬው የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባው ተመትቷል፤ ሩቅ አይሄድም። ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን የተመታው ሆዱ ነውና ብዙ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። ያለጊዜው ያሳደዱት እንደሆነ ቁስሉን ይዞ ርቆ ይሄድና ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል። ወድቆ ሲያገኙትም ከጀርባው ቀርቦ ዓይኑን በረጅም እንጨት ነካ ማድረግ፣ መሞቱ ከታወቀ በኋላም ሥጋው እንዳይበላሽ ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣት ይገባል።

መቸም ባዶ እጁን የተመለሰ አዳኝ ሊያፍር አይገባውም። ዛሬ የተወው አጋዘን ነገም በጫካው አለ፤ የሳተች ጥይት ግን አትመለስም።