አራት ነጥብ በኮምፒውተር

አራት ነጥብ (።) በግዕዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። ኮምፒውተር ግን ነጥብ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ቅርጹን በስክሪን ላይ የሚስለው ፎንቱ ነው።

ቀድሞ ለግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር አልነበረም። አንድ ባይት ሊይዝ የሚችለው 256 የተለያዩ ዋጋዎችን ብቻ ሲሆን ፊደሉ ከነአኃዙና ከነነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። የፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች እየከፋፈሉ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያሳርፉት ነበር፤ ድልድሉም ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይለያይ ነበር። አዲስ አበባ የተተየበ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለው የቶሮንቶ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር።

ይህን ችግር ከሥሩ የነቀለው ለፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለ ሥርዓት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 እትም 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ነጥቦችን መዘገበ። ለአራት ነጥብ የደረሰው 1362 ነው፤ ቁጥሩ በአሥራ ስድስት መደብ የተጻፈ ስለሆነ በተለመደው አቆጣጠር 4962 ይሆናል። ሁለት ነጥብ (፡) 1361፣ ነጠላ ሰረዝ (፣) 1363፣ ድርብ ሰረዝ (፤) 1364 ናቸው። በኢንተርኔት በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 ስልት አራት ነጥብ ሦስት ባይት ይፈጃል፦ 225፣ 141 እና 162።

ለመተየብ ልዩ ኪቦርድ አያስፈልግም። በቶሮንቶ የሚኖር ሰው ካናዳ ውስጥ በገዛው የላቲን ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ ይችላል። ዊንዶውስ በቪስታ እትሙ የአማርኛ መተየቢያና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል፤ ኪማንን የመሰሉ ፕሮግራሞችም አሉ። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው የአጻጻፍ ስልት የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ሲመታ አንድ አራት ነጥብ ይሆናል፤ ብዙ መተየቢያዎች ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ። መተየቢያ ባልተጫነበት ኮምፒውተር፣ በማይክሮሶፍት ዎርድ 1362 ጽፎ የአልት ቁልፍን እንደያዙ ኤክስን መጫን ይበቃል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው በሚተየብበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ይተይብና አራት ነጥብ የጻፈ ይመስለዋል። ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የቃል መለያያ እንጂ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አይደለም። ዩኒኮድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ ብሎ ከመዘገባቸው ምልክቶች መካከል 1362 ሲኖር 1361 የለም። በዚህም ምክንያት ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፍሉ ፕሮግራሞች፣ የትርጉምና የንባብ መሣሪያዎች ጭምር፣ ሐሳቡ የት እንዳለቀ ሊስቱ ይችላሉ። አራት ነጥብን የሚፈልግ ሰውም ጽሑፉ ውስጥ አያገኘውም። ገና በዲጂታል ጽሑፍ ላልበለጸገ ቋንቋ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ማረሚያው ቀላል ነው። በቆየ ፋይል ውስጥ «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ ፡፡ን በሙሉ በ። መተካት ይቻላል፤ በላቲኑ ሁለት ነጥብ የተተየበውን ጥንድ (::) ደግሞ ለብቻው በሁለተኛ ዙር መተካት ያስፈልጋል፤ መለያ ቁጥሩ ሌላ ነውና።