ጭቃ ፍለጋ ከሳይቤሪያ

ካርታ አውጡና የሰሃራ በረሃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ፣ ሞሪታኒያ ውስጥ፣ ባንክ ዳርጌን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1989 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስፋቱ 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰሜኑ ዓለም በረዶ በሚለብስባቸው ወራት ከሁለት ሚሊዮን በላይ የባሕር ዳርቻ ወፎች እዚህ ይሰፍራሉ። በውስጡ የሚኖሩት የኢምራጌን ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙት በሸራ ጀልባ ብቻ ነው፤ ሞተር ክልክል ነው።

ወፎቹን የሚጠራቸው ጭቃው ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ በባሕር ሣር የተሸፈነ ሰፊ ጭቃማ ሜዳ ይገለጣል፤ ከሥሩ ትሎችና ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ሞልተዋል።

ከእንግዶቹ ሁሉ እኔን የምታስደንቀኝ ኖት የተባለችው ወፍ ናት። ክብደቷ ከ100 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የምትፈለፈለው ግን ሩቅ ሰሜን ሳይቤሪያ፣ ታይሚር ልሳነ ምድር ላይ ነው! አበላሏን ስሙ። እኛ እጃችንን ጤፍ ውስጥ ከተን ጠጠር ብንፈልግ ጠጠሩን መንካት ግድ ይለናል። እሷ መንካት አያስፈልጋትም። ምንቃሯን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስትሰካ በአሸዋው መሐል ያለው ውሃ ይገፋል፤ አጠገቡ ዛጎል ካለ ውሃው ማለፊያ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። የምንቃሯ ጫፍ ይህን ለውጥ የሚለዩ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት አሉት። ያገኘችውን ከነዛጎሉ ትውጠዋለች፤ ጡንቻማው ጨጓራዋ ያደቅቀዋል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ‘ሳይንስ’ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በታይሚር በረዶው የሚቀልጥበት ጊዜ ለ33 ዓመታት፣ በየዓመቱ በግማሽ ቀን ያህል እየቀደመ መጥቷል። በረዶው ቀድሞ ከቀለጠ የኖት ጫጩቶች የሚመገቧቸው ነፍሳትም ቀድመው ይፈላሉ፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ድግሱ አልፏል። በደንብ ስላልበሉ ሰውነታቸው ያንሳል፣ ምንቃራቸውም ያጥራል።

እንዲህ ያለችው ወጣት ኖት ሞሪታኒያ ስትደርስ ጭቃው ውስጥ ምግብ አለ። ዋነኛው ዛጎል ለባሽ ግን ጠለቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ አጭር ምንቃር አይደርስበትም። ስለዚህ ላይ ላይ ያለውን የባሕር ሣር ሥር ለመብላት ትገደዳለች። አጥኚዎቹ ቀለበት አስረው ሲከታተሉ፣ ምንቃራቸው አጭር ከሆነው ወጣቶች መካከል የመጀመሪያውን ዓመት የሚሻገሩት ጥቂት ሆነው ተገኙ። ፓርኩ በሚገባ ቢጠበቅም፣ በረዶው የሚቀልጠው ከዚያ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።