ከአያት ጋር ወደ ጉለሌ

እናቴ ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን እንድትሆን አልፈለግንም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራው አጣች። ልጆቹ ከስልካቸው ጋር፣ እሷ ከመስኮቷ ጋር ይውላሉ። «እዚህ ምን እጠቅማለሁ? ወደ ቤቴ መልሱኝ» ማለት ጀመረች።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ይዤ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄድኩ። ማዕከሉን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን 705 ሄክታር ይሸፍናል። ተራራውን ወርሶት የነበረው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እየተነሣ በጽድ፣ በኮሶና በሌሎች አገር በቀል ዛፎች እየተተካ ነው።

ዝናቡ ገና አልወጣም ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አደይ አበባ ስታይ ሮጣ ልትቀጥፍ እጇን ዘረጋች። «እዚህ አይቀጠፍም!» ብዬ ተቆጣኋት። አኮረፈች።

ጥቂት እንደሄድን አንድ እሾሃም ቁጥቋጦ አየችና «ጽጌረዳ ነው?» አለች። እናቴ ቆመች። «ቀጋ ነው። ፍሬው ሲቀላ ከብት ስንጠብቅ እንበላው ነበር።» ልጄም አልተሳሳተችም፤ ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሚገኝ አገር በቀል ጽጌረዳ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴን የሚያቆማት አልተገኘም። ኮሶው ጋ ስንደርስ ወንድና ሴት ዛፍ እንዳለው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ መሆኑን ነገረቻቸው። «ግን መጠኑን ያላወቀ ሰው ይጎዳል፤ በዘፈቀደ አይጠጣም» ብላ አስጠነቀቀች። ኮሽሙን፣ እንዶዱን በየስማቸው ጠራች። ልጆቹ ስልካቸውን ረሱት።

ዳማከሴ ስታይ ግን ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ልትቀነጥብ እጇን ሰደደች።

«አያቴ፣ አይቀጠፍም! እኔንም አባዬ ከልክሎኛል» አለች ልጄ።

እናቴ እጇን ሰበሰበች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀች። «እውነቷን ነው» አለችና ቅጠሉን ሳትቆርጥ በጣቷ አሸት አድርጋ ለልጄ አሸተተቻት። «እኛ ምች ሲመታን ይህን ነበር የምናሸተው።» ቀጥላ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ «ከጓሮዬ ዳማከሴ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አሁን ማን ያጠጣው ይሆን?»

ለካ ዓመቱን ሙሉ በመስኮት ስታይ የኖረችው ጓሮዋን ነበር። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ስንመለስ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ ዳማከሴ ገዛን። በአሮጌ የዘይት ጄሪካን ተተክሎ በረንዳችን ላይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ ያጠጡታል። ልጄ አያቷ የምትነግራትን የዕፅዋት ስም የምትጽፍበት ደብተር አላት፤ እስካሁን 23 ደርሷል።

ለመሄድ ለምታስቡ ወላጆች፦ ጠዋት ውጡ፤ ብርዱ ከበድ ስለሚል ለአያቶች ጋቢ፣ ለልጆች ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ለሁሉም ውኃ ያዙ። ዳገቱን በአያት እርምጃ ውጡት።

እናቴ አሁንም አንዳንዴ «ቤቴ» ትላለች። ለገና አብረናት እንሄዳለን። ልጄ ደብተሯን ከአሁኑ ሻንጣዋ ውስጥ ከታዋለች።